ርቀት፣ ፍጥነትና የሐኪም ቻርት

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዘጋጅ ኮሚቴው ተደውሎ “ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ኢንጂነሩም፣ ኢኮኖሚስቱም፣ መምህሩም የሚሰማው ነገር ይሁን” ስባል ብዙ አሰብኩ። ስለ በሽታ ካወራሁ ከምሳ በፊት የሁላችሁንም የምግብ ፍላጎት እዘጋለሁ። ስለ ሕክምና ትምህርት ካወራሁ ደግሞ ግማሹ አዳራሽ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። በመጨረሻ ሁላችንም ድሮ የተፈተንበትን ርእስ መረጥኩ፤ የርቀትና የፍጥነት ግራፍ። የሃይስኩል ፊዚክስ ማለት ነው። አንዳንዶቻችሁ ከአሁኑ ፊታችሁን ስታኮማትሩ እያየሁ ነው። አይዟችሁ፣ ውጤት አይለጠፍም።

“ሐኪም ስለዚህ ምን አገባት?” የሚል ይኖራል። የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ትኩሳት ይወጣል፣ የምጥ ሰዓት ይሄዳል፣ አልጋ ይሞላል። ቻርቱ ላይ የማያቸው መስመሮች ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የዚያ የፊዚክስ ግራፍ ዘመዶች ናቸው። መስመሩን በትክክል ያነበበ ቀድሞ ይደርሳል። ያላነበበ ቁጥሩን ይዞ ይቆማል።

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍረናል እንበል። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ወደ ጎን ሰዓቱን፣ ወደ ላይ ከአዲስ አበባ የራቅንበትን ኪሎ ሜትር እንጻፍ። አውቶቡሱ ሲሄድ መስመሩ ይወጣል። ቢሾፍቱ ላይ ሻይ ለመጠጣት ሃያ ደቂቃ ስንቆም መስመሩ ተጋድሞ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ርቀቱ ግን ባለበት ነው። ሾፌሩ ከሻይ በኋላ ሲፈጥን መስመሩ እንደ ዳገት ቀጥ ይላል። ማታ ስንመለስ ደግሞ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ ወደ አዳማ ስንሄድ አውቶቡሱ ቁልቁለት እየወረደ ነው፤ የግራፉ መስመር ግን እየወጣ ነው። ስንመለስ አውቶቡሱ ዳገት እየወጣ መስመሩ ይወርዳል። ግራፉ የመንገዱ ፎቶግራፍ አይደለም ማለት ነው። ይኼ ነገር ስንት ተማሪ እንዳሳሳተ መምህሮቻችን ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ የፊዚክስ መምህር ሊሊያን ማክደርሞትና ባልደረቦቿ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ግራፍ ሲያነቡ የት የት እንደሚወድቁ በዝርዝር ጽፈዋል። ከሚደጋገሙት አንዱ የመስመሩን ቁመት ከመስመሩ ዳገት ጋር ማምታታት ነው። የእኛ ሰው ብቻ የሚቸገርበት አይምሰላችሁ።

አሁን ያንኑ ጉዞ በሌላ ወረቀት እንሣለው። ወደ ጎን ሰዓቱ እንዳለ ይሁን፣ ወደ ላይ ግን የአውቶቡሱን ፍጥነት እንጻፍ። በዚህኛው ወረቀት የተጋደመ መስመር “ቆሟል” ማለት አይደለም፤ “በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየሄደ ነው” ማለት ነው። የቆመ ጊዜ መስመሩ ዜሮ ላይ ይተኛል። መስመሩ ሲወርድም አውቶቡሱ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አሁንም ወደ አዳማ እየቀረበ ነው። ያው መስመር፣ ያው ቅርጽ፣ ትርጉሙ ሌላ።

ለኢንተርኖቼ የምሰጣቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ማንኛውም ግራፍ ፊት ስትቆሙ ጠይቁ እላቸዋለሁ፦ ቁመቱ ምን ይላል? ዳገቱ ምን ይላል? ከመስመሩ በታች ያለው ስፋትስ? በርቀት ግራፍ ላይ ቁመቱ የት እንዳለን፣ ዳገቱ ምን ያህል እንደምንፈጥን ይነግረናል። በፍጥነት ግራፍ ላይ ቁመቱ ራሱ ፍጥነቱ ነው፤ ዳገቱ የፍጥነቱ ለውጥ ነው፣ መጻሕፍቶቻችን ሽምጠጣ የሚሉት፤ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ደግሞ የተጓዝነው ርቀት ነው። ከዚህ በላይ ሕግ የለም። የቀረው ልምምድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የባቡር ግራፍንና የልብ ምትን አንድ ላይ ያመጣው ሐኪም ነበር። ኤቲየን-ዡል ማሬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ የእጅን የደም ሥር ምት በወረቀት ላይ በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። በ1878 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ከፓሪስ ሊዮን የሚመላለሱት ባቡሮች በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ የተሣሉበትን የጊዜ ሰሌዳ አስገባ። ጣቢያዎቹ ከላይ ወደ ታች፣ ሰዓቶቹ ወደ ጎን ተደርድረዋል። ፈጣኑ ባቡር ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ ቀርፋፋው የተንጋለለ። ሁለት መስመሮች የተቆራረጡበት ቦታ ሁለቱ ባቡሮች የሚተላለፉበት ቦታና ሰዓት ነው። ለማሬ ባቡርም የደም ሥርም በጊዜ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ነበሩ።

መቆራረጥ ካልኩ አይቀር፣ ሁላችሁም የምታስታውሱትን አንድ ቀን ላንሣ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሲድኒ፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። የእኔ ባች ያኔ ተማሪ ነበር፤ ያን ቀን ማን ክፍል እንደገባ አትጠይቁኝ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነታቸው 0.09 ሰከንድ ነው። አማካይ ፍጥነታቸውን ብታሰሉ ለሁለቱም በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ማን እንዳሸነፈ ከአማካዩ አታገኙትም። ጨዋታው ያለቀው በመጨረሻው ዙር፣ መስመሮቹ በተለያዩበት ቦታ ነው።

የሁለቱን የርቀት መስመር ሣሉት። ለ24 ዙር ያህል ተደራርበው ይሄዳሉ። በመጨረሻው ዙር የቴርጋት መስመር ቀድሞ ቀጥ ይላል፤ በመካከላቸው ክፍተት ይታያል። ከዚያ የኃይሌ ዳገት ይበረታል፣ መስመሮቹ ይቀራረባሉ፣ መጨረሻው መስመር አፋፍ ላይ ይቆራረጣሉ። በርቀት ግራፍ ላይ መቆራረጥ ማለት መድረስ ነው።

አሁን የፍጥነታቸውን ግራፍ ሣሉት። እዚህም መስመሮቹ ይቆራረጣሉ፤ ግን በሌላ ሰዓት፣ ቀደም ብሎ። ኃይሌ ከኋላ ሆኖ ፍጥነቱ ከቴርጋት ፍጥነት ጋር እኩል የሆነባት ቅጽበት ናት። ያቺ ቅጽበት ምን ማለት ናት? እስከዚያች ድረስ ቴርጋት ይበልጥ ይፈጥን ስለነበር ክፍተቱ እየሰፋ ነበር። ከዚያች በኋላ ኃይሌ ስለሚፈጥን ክፍተቱ ይጠባል። ስለዚህ ፍጥነታቸው እኩል በሆነባት ቅጽበት ክፍተቱ ከሁሉ ሰፊ ነው። እኛ ቴሌቪዥን ፊት ጭንቅላታችንን ይዘን “በቃ ተበላን” ያልነው፣ ነገሩ መዞር በጀመረበት ሰዓት ነው።

ይህን ለምን አስረዘምኩት? በኮቪድ ጊዜ በየሆስፒታሉ ያየነው ይኸው ስለሆነ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ ሁላችንም በየቀኑ ሁለት ቁጥር እንሰማ ነበር፤ በ24 ሰዓት የተገኙትና እስከዛሬ በጠቅላላ የተገኙት። ጠቅላላው የርቀት ግራፍ ነው፣ መቼም አይወርድም። የዕለቱ የፍጥነት ግራፍ ነው፣ ይወጣል ይወርዳል። “ጠቅላላው ዛሬም ጨመረ” ብሎ የሚደነግጥ ሰው፣ አውቶቡሱ ፍሬን ይዞ ሳለ “ኪሎ ሜትሩ አሁንም እየቆጠረ ነው” ብሎ እንደሚጮኽ ተሳፋሪ ነው።

ሌላም ስሕተት ነበር፣ ይኼኛው የባሰ። አዲስ የሚተኙት ታማሚዎች ቁጥር መቀነስ ሲጀምር “አለፈልን” ማለት። አልጋ የሚለቀቀው ግን ከሚገባው የሚወጣው ሲበልጥ ብቻ ነው። በቀን ሃያ ይገባ የነበረው ወደ አስራ አምስት ቢወርድ፣ የሚወጣው አስር ከሆነ ዋርዱ አሁንም በቀን አምስት አምስት እየተጨመረበት ነው። ዋርዱ አፉ ድረስ የሚሞላው ገቢና ወጪ እኩል በሆኑበት ቀን ነው፤ የኃይሌና የቴርጋት ፍጥነት እኩል የሆነባት ቅጽበት። ኦክስጅን የሚያቅድ ሰው ይህን ካላወቀ፣ ሲሊንደሩን በጣም በሚያስፈልግበት ሳምንት ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ወደ ስፋቱ። ይኼ የእኔን ክፍል በየሌሊቱ የሚያንኳኳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሕፃናትና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ነው። ሾፌሮቻችን “አስር ኪሎ ሜትር ብትጨምር ምን ታመጣለች?” ይላሉ። ግራፉን እንጠይቀው።

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ አንዱ በሰዓት 50፣ ሌላው በ60 ኪሎ ሜትር። ከፊታቸው ልጅ ኳስ ተከትላ መንገድ ገባች። ሁለቱም ሾፌሮች በአንድ ቅጽበት አዩአት። እግር ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ እንስጣቸው። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ደኅና ነው፤ በየሰከንዱ ፍጥነታቸው በሰከንድ 7 ሜትር ይቀንሳል እንበል።

የባለ 50ውን የፍጥነት ግራፍ ሣሉ። መጀመሪያ አንድ ሰከንድ የተጋደመ መስመር፣ ከዚያ እስከ ዜሮ የሚወርድ። ከመስመሩ በታች አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን አላችሁ። 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 13.9 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ስለዚህ አራት ማዕዘኑ 13.9 ሜትር፣ ሦስት ማዕዘኑ 13.8 ሜትር ይሆናል። ድምር 27.7 ሜትር ላይ መኪናው ቆመ። ልጅቷ 28 ሜትር ላይ ብትሆን ተርፋለች።

ባለ 60ውስ? በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ፣ ፍሬን ሳይነካ፣ 16.7 ሜትር ሄዷል። ጓደኛው እስከቆመበት ቦታ ድረስ ለፍሬን የቀረው 11 ሜትር ብቻ ነው። ሒሳቡን ስትጨርሱት፣ የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። አስር ሳይሆን አርባ! ሙሉ በሙሉ ለመቆም 36.5 ሜትር ያስፈልገዋል። በአርባ የተመታ ልጅ ምን ሆኖ እንደሚመጣ እዚህ ያለን ሐኪሞች እናውቃለን፤ ለሌሎቻችሁ አልዘረዝርም።

ምክንያቱ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቁመቱም መሠረቱም አብረው ያድጋሉ። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጉት የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በዝናብ ጊዜ መስመሩ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ሦስት ማዕዘኑ ወደ ጎን ይለጠጣል። ስልክ የሚያይ ሾፌር ደግሞ አራት ማዕዘኑን ያረዝመዋል፤ ሁለት ሰከንድ ቀና ካላለ፣ በ60 ፍጥነት 33 ሜትር በጭፍን ሄዷል። ይህን ለመንጃ ፈቃድ ተማሪ በአንድ ወረቀትና በአንድ እርሳስ ማሳየት ይቻላል።

የመጨረሻ ምሳሌዬ የምጥ ግራፍ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኢማኑኤል ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1954 የማሕፀን በር በየሰዓቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚከፈት በመስመር ሣለ። በ1972 ደግሞ ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በዛሬዋ ዚምባብዌ በዚያ ወረቀት ላይ ሁለት መስመሮች ጨመሩበት። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ መስመር ነው፤ ዳገቱ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛው የእርምጃ መስመር ነው፤ ከመጀመሪያው አራት ሰዓት ወደ ቀኝ የተሣለ። አራት ሰዓቱ እናቲቱን ከገጠር ጤና ተቋም ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የተተወ ጊዜ ነው። አያችሁ፣ በምጡ ግራፍ ውስጥ የአምቡላንሱ መንገድም አብሮ ተሥሏል።

ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ገጠር ሳገለግል ከአንድ ጤና ጣቢያ የተደወለልኝን ስልክ እስካሁን አስታውሳለሁ። የደወለችው ወጣት አዋላጅ ነርስ ነበረች። “ዶክተር፣ ጧት 2 ሰዓት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ነበረች፣ አሁን 6 ሰዓት ላይ 6 ናት፤ ማስጠንቀቂያውን አልፋለች። እርምጃው መስመር ላይ ልትደርስ አንድ ሰዓት ቀርቷታል። አምቡላንሱ በር ላይ ነው፣ እናንተ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ልካታለሁ።” ፈቃድ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ቡድኑን ጠርቼ ኦፕራሲዮን ክፍሉን አዘጋጀሁ። እናትና ልጅ በደኅና ወጡ። ያቺ ልጅ “6 ሴንቲ ሜትር ናት” ብቻ ብላ ብትደውል ኖሮ “እንግዲህ ጠብቂ” የሚል መልስ ማግኘቷ አይቀርም ነበር። ቁጥሩ አያስደነግጥማ! ያስደነገጠው ዳገቱ ነው፤ በአራት ሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር።

ሳይንስ አይቆምምና ይህም ተሻሽሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር የሚለው ልክ ለሁሉም እናት እንደማይሠራ ገለጸ፤ በ2020 ባወጣው አዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የየራሱን የጊዜ ወሰን ሰጠው። መስመሩ ተቀየረ። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ከየት ተነሣን፣ የት ደረስን፣ በስንት ጊዜ?

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ሁለት ጉዳይ አለኝ።

አንዱ ለመምህሮቻችን ነው። በራውንድ ላይ ተማሪ “የደም ግፊቱ 100 ነው” ሲል፣ እባካችሁ “ከስንት መጥቶ?” በሉት። ከ80 ተነሥቶ 100 የደረሰ ሰው እየዳነ ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት 140 የነበረው ግን ምናልባት ሆዱ ውስጥ እየደማ ነው። ሁለቱም ቻርት ላይ 100 ተብለው ተጽፈዋል። ተማሪው ቁጥሮቹን በነጥብ አስቀምጦ በእርሳስ ያያይዛቸው። ማሽኑ ስክሪን ላይ ቢሥለውም በእጁ ይሣለው። እጅ የሣለውን ዐይን አይረሳውም።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ልጅ ይህን ትምህርት የሚያገኘው ሃይስኩል ነው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ላቦራቶሪ የለም፣ ቢኖርም ተቆልፎ ነው። የርቀትና የፍጥነት ግራፍ ግን ላቦራቶሪ አይፈልግም። ሜዳ ላይ በኖራ በየአምስት ሜትሩ ምልክት ማድረግ፣ ስልክ ላይ ያለውን የሰዓት መቁጠሪያ መክፈት፣ አንድ ልጅ እንዲራመድ፣ እንዲቆም፣ እንዲሮጥ፣ እንዲመለስ ማድረግ፣ ሌሎቹ ሰከንዱን እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ከዚያ ይሥሉታል። በማግሥቱ ግራፉን ሰጥቶ “በዚህ መሠረት ተራመድ” ማለት ይቻላል። መስመሩ ሲወርድ ቁልቁለት የሚፈልግ ልጅ ይኖራል፤ ጓደኞቹ ይስቁበትና ያርሙታል፣ ዳግመኛ አይሳሳትም።

ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ ዓመት አባላቱን ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ለአንድ ቀን እንዲልክ ሐሳብ አቀርባለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም፤ ኖራ፣ ሜትር፣ ወረቀትና የእናንተ ግማሽ ቀን ይበቃል። ኢንጂነሩ ስለ ባቡር፣ ኢኮኖሚስቱ ስለ ዋጋ ንረት፣ እኔ ስለ ፍሬን እናወራለን። የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት እንዳልሆነ ለልጆቹ በአንድ መስመር የሚያሳያቸው ሰው ከወዲሁ ይዘጋጅ፤ ለእኛም ቢነግረን አንጠላም።

መውጫው በር ላይ መዝገብ አስቀምጫለሁ። ስማችሁን፣ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤትና የሚመቻችሁን ወር ጻፉበት። እኔ የመጀመሪያውን መስመር ሞልቻለሁ፤ ኅዳር ብያለሁ።